ማር የገባበት ታንከር

ጭንቀት ሲይዘኝ እጄ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ያጸዳል። እናቴ የታመመች ሰሞን የጎረቤት ድስት ሳይቀር ለምኜ አጥቤያለሁ። ባህሪዬን የሚያውቁ ሰዎች «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል?» የሚሉኝ ፊቴን አይተው ሳይሆን መጥረጊያ ይዤ ሲያገኙኝ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰበብ እንዲሆነኝ ብዬ አይደለም። በኋላ የማወራውን የሰማ ሁሉ «ምን ቆርጦሽ እንዲያ አደረግሽ?» ማለቱ ስለማይቀር ነው።

የምሠራው ሸኮ አካባቢ ባለ የገበሬዎች ማኅበር የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። ማዕረጌ የመጋዘን ኃላፊ ይባላል። መጋዘኑ አሥራ ሁለት አካፋ፣ ባልዲዎች፣ ባዶ ጆንያና አንድ በሩ የማይገጥም ቁም ሣጥን ነው፤ ኃላፊነቱ ግን ናፍጣንም ይጨምራል። ከሚዛን ከተማ ናፍጣ ቀድቶ ማምጣት፣ መቆለፍ፣ ለሞተሩ መስጠት የእኔ ሥራ ነው።

ቡና የማያውቅ ሰው ቢያነብበው ብዬ ልናገር፤ ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ተፈልፍሎ ገንዳ ካልገባ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ይሸታል። ገበሬው ከጠዋት ጀምሮ አንድ በአንድ የለቀመው ሁሉ ማታ ከንቱ ይሆናል። መፈልፈያውን የሚያዞረው ደግሞ አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶ አለን፤ መብራቱ ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፣ ሲመጣ ደስ ይለናል እንጂ አንጠብቀውም።

ሞተሩን የያዙት ሽማግሌ ነበሩ። እኛ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በዚህ አገር ሞተር ሲያስነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ጆሯቸው አይሰማም። ስለዚህ የሞተሩን ድምፅ የሚሰሙት በጥርሳቸው ነው፤ የረጅሙን ካቻቢቴ እጀታ ይነክሱና ጫፉን ብረቱ ላይ ያሳርፋሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲያ ሲቆሙ የማያውቃቸው ሰው ጥርሳቸውን ያመማቸው ይመስለዋል። አንድ እምነት ነበራቸው፣ ሳይደጋግሙት የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም። «ሞተር እንደ ሰው አይዋሽም» ይላሉ። «ከቆመ በምክንያት ነው፣ ከተነሳም በምክንያት ነው። ምክንያቱን ሳታውቂ አስነሳሁ ካልሽ፣ አላስነሳሽም።»

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነበር የሚኖሩት። ቴፒ ያለችው ልጃቸው «ኑ፣ ከእኛ ጋር ይኑሩ» ስትላቸው ዓመታት ሆኗታል። አይሄዱም። የሚበላ አጥተው አይደለም፤ ሰው የሚፈልጋቸው በሞተሩ ስለነበር ነው። ገበሬው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጋሼ አሉ?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ወገባቸው ሲቃና በዓይኔ አይቻለሁ።

አምና ሞተሩ ሁለት ቀን ቆሞ ብዙ እሸት ተበላሽቶብን ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ሥራ ሳንጀምር ኮሚቴው ሰበሰበንና ሊቀመንበሩ ቁርጡን ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንደበቱም ለስላሳ ነው።

«ጋሼ፣ እኛ እናከብርዎታለን። ግን ዘንድሮ ሞተሩ አንድ ቀን ካስተጓጎለን ሌላ ሰው እንተካለን። ይቅር ይበሉን» አለ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው አራገፉ። «ይሁን» አሉ። «አንድ ቀን ካስተጓጎለ ሳትነግሩኝም እሄዳለሁ።»

ያን ክረምት ፖምፓውን፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባውን ዕቃ፣ ራሳቸው ፈትተው ጠገኑት። መለዋወጫው ስላልተገኘ ውስጡ የሚገባውን ጎማ ከሌላ አሮጌ ጎማ በምላጭ ቆርጠው ሠሩት። ሥራ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ሞከሩት፤ በመጀመሪያው ተነሳ። ያን ዕለት ለእኔ ሙዝ ገዝተውልኛል።

እንግዲህ ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ።

ናፍጣ በጀሪካን ለማስቀዳት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውን ይዤ ሚዛን ሁለት ቀን ተሰልፌያለሁ። ተራዬ ሊደርስ ሲል የማኅበሩ ጀሪካን ከሥሩ መሰንጠቁን አየሁ። ተራዬን ለኋላዬ ሰው አደራ ብዬ እዚያው ሚዛን ወዳለችው የኪራይ ክፍሌ ሮጥኩና የራሴን አመጣሁ። በእኛ አገር ቢጫ ጀሪካን የማይዘው ነገር የለም፤ ውሃ ይይዛል፣ ቦርዴ የሚባለውን ጠላ ይይዛል፣ ናፍጣ ይይዛል፣ ማር ይይዛል። የእኔው የማር ነበር። አጎቴ ጫካ የሚቆርጠውን ማር እናቴ በእሱ ነው የምትልክልኝ። አልቋል ብዬ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ ደፍቼው ነበር የከረመው። ነቀነቅኩት፤ ድምፅ የለም። ገለበጥኩት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። የክረምት ብርድ ነጩን ማር እንደ ሞራ እንደሚያረጋው፣ የረጋ ማር ደግሞ ቢነቀንቁት ድምፅ እንደማያሰማ ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል? በማር ያደግሁ ሰው ነኝ። ግን ሐሳቤ ሰልፉ ላይ ነበር።

ናፍጣው በፒክአፕ ጀርባ፣ በጠራራ ፀሐይ ተጉዞ ጣቢያው ደረሰ። ሥራ በሚጀመርበት ዋዜማ የሞተሩን ታንከር የሞላሁት እኔ ነኝ። ጋሼ መፈልፈያውን ግሪስ እየቀቡ «በጨርቅ አጥልለሽ ጨምሪው» ብለውኛል። አጠለልኩ፤ እስከ ግማሽ ድረስ። ከዚያ ወዲያ ክንዴ ዛለና ጨርቁን ወዲያ ጥዬ ዘቀዘቅኩት። መጨረሻ ላይ አንድ የሚወርድ ነገር ከበድ ብሎ ገብቷል። አሁን ሳስበው ድምፁ እንኳ ትዝ ይለኛል። ያኔ ግን ጀሪካኑን አስቀምጬ ወገቤን ያዝኩና ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።

በማግስቱ የመጀመሪያው እሸት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። ገበሬዎቹ ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰልፈዋል፤ የተሸከመ አለ፣ በአህያ የጫነ አለ፣ በሞተር ሳይክል ያመጣ አለ። ኮሚቴው አንድ ሳይቀር መጥቷል። ጋሼ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ማኖቬላውን፣ ያን ጠማማ የማስነሻ ብረት፣ ሰክተው ሁለት ጊዜ አዞሩ። ሞተሩ ተነሳ፤ መንደሩ በሙሉ ሰማው። ሰልፉ ውስጥ ያሉ ሴቶች እልል አሉ። እልልታው ሳያልቅ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል ብሎ ቆመ።

ጋሼ አልደነገጡም። «አየር ገብቶበት ነው» አሉ። «ክረምቱን ቆሞ ስለከረመ ነው።»

መላ ሲፈልጉ አንድ ደረጃ አይዘሉም። መጀመሪያ ታንከሩን ከፍተው እንጨት ነከሩ፤ ሙሉ ነው። ቀጥለው ፊልትሮውን ፈቱ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ፈቱ። ናፍጣው ቀጥ ብሎ መውረድ ሲገባው ክር ክር እያለ መጣ። ጋሼ ቱቦውን አፋቸው ውስጥ አድርገው ወደ ታንከሩ በኃይል ነፉ። ታንከሩ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። አፋቸውን ሲያነሱ ናፍጣው በደንብ ፈሰሰ።

«ቱቦው ደኅና ነው» አሉና ተፉ። «ትንሽ ቆሻሻ ነበረ፤ ሄደ።»

መልሰው ገጠሙ፤ አየሩን አስተነፈሱ፤ ማኖቬላውን አዞሩ። ተነሳ። እንደገና ሳል ሳል አለና ቆመ።

እዚህ ላይ ነው ጭንቀቱ የያዘኝ። ስለ ማሩ ገና አላሰብኩም፤ የማስበው ስለ ጋሼ ነበር። የሸሚዛቸው ጀርባ በላብ ጠቁሯል። ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ቢናገር ይሻል ነበር። አንዲት የቤንች ተወላጅ እናት እሸቷን ከጀርባዋ ሳታወርድ አንገቷን አስገብታ «ሞተር ታሟል ወይ?» አለች። እኔ የሞተር ቤቱን ወለል መጥረግ ጀምሬያለሁ።

ጋሼ ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ፤ አራተኛ ሞከሩ። ናፍጣውን የሚረጨውን ኢንጀክተር ፈትተው አዩት፤ አልተደፈነም። ካቻቢቴያቸውን ነክሰው ጫፉን ፖምፓው ላይ አሳርፈው «አዙሪው» አሉኝ። እኔ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ አዞርኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ሲገልጡት ፊታቸው ሌላ ነበር።

«ከኔው ነው» አሉ በዝግታ። «የቆረጥኩት ጎማ ነው። ናፍጣው እየደረሰው አይገፋውም። ጥገናዬ ነው የከዳኝ።»

«ባለፈው ሳምንት ሲሞከር ተነስቶ የለም እንዴ ጋሼ?»

«ያኔ ናፍጣው ጥቂት ነበር። ዛሬ ሲሞላ...» ብለው ብሎን መፍቻቸውን አነሱ። የሚሉት ነገር ለራሳቸውም አልተዋጠላቸውም። ፖምፓውን ፈትተው በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉና አቧራ በሌለበት ሊከፍቱት ወደ ክፍላቸው ሄዱ። በሩ ላይ ለሊቀመንበሩ «ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» ሲሉት ሰማሁ። ሰዓቱ አሥር ከሩብ ነበር።

ብቻዬን ቀረሁ። መጥረጊያውን ይዤ ታንከሩ ሥር የፈሰሰውን ናፍጣ ላደርቅ ጎንበስ ስል ዓይኔ ጥግ የተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን ላይ አረፈ። አፉ ዙሪያ ጉንዳን ሰፍሮበታል። ጉንዳን ናፍጣ አይወድም።

ጣቴን አስገብቼ የአፉን ውስጥ ጠረግሁና ቀመስኩት። ናፍጣ ነው፤ ከናፍጣው ሥር ግን ጣፋጭ ነው። ጋሼ ሲነፉት ለምን እንደፈሰሰ፣ ከደቂቃ በኋላ ለምን እንደተዘጋ ወዲያው ገባኝ። ማር ከናፍጣ ይከብዳል። ታንከሩ ሥር ተኝቷል። ሲነፉት ገለል ይላል፤ ሲተዉት መልሶ ይመጣና መውጫው ላይ ይቀመጣል። የእናቴ ማር ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ አጥልለሽ ጨምሪ ተብዬ ሳላጠልል።

ትክክለኛው ነገር ምን እንደነበር ዛሬ ማንም ይነግረኛል። ጋሼ ክፍል ሮጬ «ይተዉት፣ ማር ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ነበር። ሃያ እርምጃ ነው። እግሬ ግን ወደዚያ አልሄደም። ሊቀመንበሩ፣ ገበሬው፣ ሰልፉ፣ ያ ሁሉ እሸት፤ «ናፍጣ ውስጥ ማር ጨመረች» የሚለው ወሬ ሚዛን ገበያ ድረስ እየተሳቀበት ሲሄድ ታየኝ። ደግሞም ለራሴ እንዲህ አልኩት፤ አሁን ቶሎ ካጸዳሁት ሞተሩ ይነሳል፣ ጋሼም ሥራቸው ላይ ይቆያሉ፣ ማንም አይጎዳም። ሰው ራሱን ሲያታልል ምክንያት አያጣም።

ባልዲ አምጥቼ ከታንከሩ ሥር ያለውን ብሎን ፈታሁ። መጀመሪያ ናፍጣ ወጣ፤ ቀጥሎ ወፍራም፣ ነጣ ያለ፣ እንደ አጥሚት የሚንዠረገግ ነገር ወጣ። ሰም አለበት፤ አንድ የንብ ክንፍ እንኳ አይቻለሁ። መውጫውን በሽቦ ጎረጎርኩት። ንጹሑን ናፍጣ በራሴ ሻሽ አጥልዬ መለስኩት፤ ሁለት ጊዜ አለቀለቅኩት። ማሩን ከነባልዲው ወስጄ የቡና ገለፈት የሚጣልበት ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁና ገለፈት አለበስኩበት። ጀሪካኑን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩ። ብሎኑን አጠበቅኩ። ወለሉን ጠረግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ያጸዳሁት ነገር የለም።

ጋሼ ተመልሰው ሲመጡ በር ላይ ቆሜ ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። ፖምፓውን በሁለት እጃቸው አቅፈውታል።

«ጎማው ምንም አልሆነም» አሉኝ በሹክሹክታ። «አገላብጬ አየሁት፤ እንደ ቆረጥኩት ነው። የነካሁት ነገር የለም። እንዳለ መልሼ አምጥቼዋለሁ። ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ የማውቀው የለኝም።»

እንደዚህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ገጠሙት። አየሩን አስተነፈሱ። ማኖቬላውን ሰክተው ወደ ሰማይ ቀና አሉና አዞሩ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳል ሙሉ ድምፁን ሰጠ። ውጪ እንደገና እልልታ ሆነ። ሊቀመንበሩ ገብቶ ጋሼን አቅፎ ትከሻቸውን ሳመ። «ጋሼ እኮ ናቸው!» እያለ ወጣ። ቺንጋው፣ ያ ረጅም የጎማ ቀበቶ፣ መፈልፈያውን ማዞር ጀመረ፤ ቀዩ እሸት መውረድ ጀመረ።

ጋሼ ግን አልሳቁም። ሞተሩን ትኩር ብለው ያዩታል። ካቻቢቴውን ነክሰው አዳመጡት፤ ቦታ እየቀየሩ አዳመጡት። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው የሚሰማውን ጆሯቸውን ወደ አፌ አቀረቡ።

«ልጄ፣ እኔ በሌለሁበት የነካሽው ነገር አለ?»

አምላክ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶልኛል። አንድ ቃል ነበር የሚቀረኝ።

«የለም ጋሼ» አልኩ። «ወለሉን ብቻ ነው የጠረግሁት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ፣ ንጹሕ ነው» አሉ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደ። ሦስት ቀን ሞተሩ ያለ እንከን ሠራ፤ ሦስት ቀን ጋሼ አጠገቡ ቆመው ዋሉ። በፊት አስነስተው ይወጡና ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ ከሰው ጋር ይቀልዱ ነበር። አሁን ግን የታመመ ሕፃን እንደሚጠብቅ ሰው ዓይናቸውን አይነቅሉም። በማይረባ ድምፅ ሁሉ ይደነግጣሉ። አንድ ጊዜ አህያ ስታናፋ ወደ ሞተሩ ሲሮጡ አየኋቸው። ምግብ ስወስድላቸው ሁለት ጉርሻ በልተው ይተዉታል። እኔ የመጋዘኑን አካፋዎች አንድ በአንድ አጥቤ ጨረስኩና እንደገና ጀመርኩ። ልናገር ብዬ ሁለቴ ወደ ክፍላቸው ሄጄ ሁለቴም «ቡና ላፍላልዎት?» ብዬ ተመልሻለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ኮሚቴው ሲሰበሰብ ጋሼ ባርኔጣቸውን ይዘው ገቡ።

«ሰው ፈልጉ» አሉ። «እኔ እስክትተኩ ድረስ እቆያለሁ።»

ሊቀመንበሩ የሰማውን አላመነም። «ምን ሆኑ ጋሼ? አላስተጓጎለንም እኮ! እንኳን አንድ ቀን፣ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም። በዚያ ላይ እርስዎ ነዎት ያስነሱት።»

«እኔ አላስነሳሁትም» አሉ ጋሼ። «እሱው ነው የተነሳው። ለምን እንደቆመ አላወቅኩም፤ ለምን እንደተነሳም አላወቅኩም። ነገም ቢቆም አላውቅም። የሰው እሸት ይዤ በማላውቀው ነገር አልቆምም። አእምሮዬ ደክሟል ልጆቼ። እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ አውቅ ነበር።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። እኔ ሥራቸውን ላተርፍላቸው ብዬ የሸሸግሁት ነገር፣ ኮሚቴው ሊያባርራቸው ሳያስብ፣ ራሳቸውን በራሳቸው እጅ አስወጣቸው። ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጀሪካኑን፣ የረጋውን ማር፣ ሳላጠልል መገልበጤን፣ ብሎኑን፣ ባልዲውን፣ ጉድጓዱን። ማር ከናፍጣ እንደሚከብድ፣ ሲነፉት ገለል ብሎ እንደሚመለስ ሁሉ አስረዳሁ። ስጨርስ እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ቅልል ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። እንዲያ ያለ ደግ ፈገግታ አይቼ አላውቅም፤ እዚያው በጥፊ ባጠፋሁት ብዬ ተመኘሁ።

«እህቴ፣ እግዜር ያክብርሽ» አለ። «የጋሼን መሄድ አንጀትሽ አልችል ብሎሽ ነው። እኛም አንችልም።»

«እውነቴን ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ጀሪካኑን ላምጣው!»

«ጀሪካን ምን ያሳያል? የታጠበ ጀሪካን ሁላችንም ቤት አለ።»

ማሩን እንዳላሳያቸው ጉድጓዱ ውስጥ የሦስት ቀን ገለፈት ተከምሮበታል። ሁሉንም አጽድቼዋለሁ። ወደ ጋሼ ዞርኩ። እሳቸው ሞተር ያውቃሉ፣ እሳቸው ይገባቸዋል ብዬ። ለአንድ አፍታ የገባቸው መሰለኝ፤ ዓይናቸው ርቆ ሄደና ታንከሩን፣ ቱቦውን፣ መንገዱን ሁሉ በሐሳባቸው ሲከተሉት አየሁ። ከዚያ ዓይናቸው ተመለሰ።

«ነፍቼው ቡልቅ ብሏል» አሉ። «ቱቦው ክፍት ነበር።»

«ተመልሶ ተዘጋ እኮ ጋሼ! ነገርኩዎት እኮ!»

«ሰማሁሽ። በደንብ አስበሽበታል።» ሞተር ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ። «ሦስት ቀን ስታስቢበት ነው የከረምሽው። ሁለቴ ክፍሌ መጥተሽ ሳትናገሪ የተመለስሽው ለዚህ ነው።»

«ለዚህ ነው! ልነግርዎት ፈርቼ ነው!»

«ልጄ፣ ያን ዕለት እዚያው ጠይቄሽ የለም እንዴ? የነካሽው ነገር አለ ስልሽ፣ የለም አልሽኝ።» ድምፃቸው ልስልስ ያለ ነበር። «ስንት ዓመት ነው አብረን የሠራነው? አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዋሽቼአለሁ ብዬ ማልኩ፤ በእናቴ ማልኩ። በማልኩ ቁጥር ዙሪያዬን የተቀመጡት ሰዎች ይበልጥ ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል። አንዱ «ይህች ልጅ ወርቅ ናት» ሲል ሰማሁት።

አዲሱ ሠራተኛ በሳምንቱ መጣ። ጎበዝ ነው፤ ሞተሩም ያለ ችግር ይታዘዝለታል። ጋሼ ሁሉንም ነገር አሳይተው አስረከቡት፤ ካቻቢቴያቸው ግን እሱ በጆሮው ስለሚሰማ አላስፈለገውም። የቴፒዋ ልጃቸው ልትወስዳቸው መኪና ይዛ ስትመጣ ዕቃቸው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሳጥንና አንድ በርጩማ ነበር። ሳጥኑን እኔ ተሸክሜ አወጣሁ። መኪናው አጠገብ ስንደርስ ለመጨረሻ ጊዜ አልኳቸው፤ በጆሯቸው ሥር፣ ማንም በማይሰማበት። «ጋሼ፣ በሞቱት ባለቤትዎ ይሁንብኝ፣ ማር ነበር። እርስዎ አልደከሙም። የኔ ጥፋት ነው።»

ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለምርቃት ሲሆን ነው የሚያወልቁት።

«ሽማግሌ እንዳያፍር ብለሽ በሰው ፊት ስምሽን ያጠፋሽ ልጅ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ወልደሽ ሳሚ። እውነተኛ ሰው አያሳጣሽ። እንዳንቺ ያለ ልጅ ይስጥሽ።»

ልጃቸው አጠገባችን ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች። እጃቸው ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም አይባልም።

አሜን አልኩ።